ሁለት ባላ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም። ማይኩና እኔ ብቻ ነን።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንደኔ የአርሴናል ደጋፊ ነው፤ ማን እንዳስለመደው መቼም ግልጽ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቱ እንዳትሰማው የፈራ ይመስል፣ “አጎቴ፣ ዶርትሙንድንም ብደግፍ ከዳተኛ ነኝ?” አለኝ። የጀርመኑን ክለብ የዶርትሙንድን “ቢጫ ግድግዳ” በቴሌቪዥን አይቶ ነው። ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአንድ ወገን ቆሞ ሲዘምር ያየ ልጅ ልቡ ቢሸፍት አይገርምም። ለክፍል ጓደኞቹ ሲነግራቸው ግን “አንተ ከዳተኛ!” አሉት። እሱም ቃሉን ይዞ ቤት ገባ።

“ቆይ፣ አስቤበት እነግርሃለሁ” አልኩት። መልሱ ስለጠፋኝ አይደለም። ጥያቄው የኔም ስለሆነ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሁለት ቡድን ስደግፍ ኖሬአለሁ። እናም ዛሬ ለሱ የምነግረውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አርሴናልን የያዝኩት በ2003/04 ነው። ያን ዓመት ታስታውሱታላችሁ። 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ፣ አንድም ሽንፈት የለም። ቴሪ ሄንሪ ኳስ ይዞ ከግራ መስመር ወደ ውስጥ ሲገባ ትንፋሼን እይዝ ነበር። በቃ፣ በዚያው ቀረሁ።

ባርሴሎና የመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው። ያመጣው ደግሞ ሮናልዲንሆ ነው። በ2005 ኅዳር ላይ ሪያል ማድሪድን በገዛ ሜዳው 3 ለ 0 ሲያሸንፉ፣ ሮናልዲንሆ ሁለት አገባ። የማድሪድ ደጋፊዎች ተነስተው አጨበጨቡለት። እነዚያ ሰዎች የሚያጨበጭቡት በጣም ለሚጠሉት ክለብ ተጫዋች ነበር። ይህን ሳይ “ታዲያ እኔ ምን ከለከለኝ?” አልኩ። ያኔ ያልገባኝ ነገር ቢኖር እነሱ አደነቁ እንጂ አልደገፉም። አጨብጭበው፣ ተናደው፣ ነጩን ማሊያቸውን እንደለበሱ ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት። ማድነቅ ሌላ፣ መደገፍ ሌላ ነው። እኔ ግን ሁለቱን ቀላቀልኳቸው።

ጓደኞቼ ያኔም አልወደዱልኝም። አንዱ “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም” ይለኝ ነበር። እኔም መልስ አላጣሁም፦ “ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል።” ተረቱን የምናገረው ጉዳዩን የዘጋሁ እየመሰለኝ ነበር። አንዱ በእንግሊዝ፣ አንዱ በስፔን። የት ይገናኛሉ?

በ2006 ግንቦት ላይ ፓሪስ ተገናኙ። የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ።

ያን ምሽት አልረሳውም። ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለው ተቀምጠዋል። እኔ የት እንደምቀመጥ ግራ ገባኝና መሀል ላይ ወንበር ሳብኩ። “ማንም ቢያሸንፍ ዋንጫው የኔ ነው” አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ከልቤ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በ18ኛው ደቂቃ የአርሴናሉ በረኛ ሌማን የባርሴሎናውን ኤቶን ጠልፎ ጣለው። ቀይ ካርድ። ሌላ በረኛ ለማስገባት ፒሬስ መውጣት ነበረበት። የፒሬስ ፊት በቴሌቪዥን ሲታይ ሆዴ ተገላበጠ። አሁንም ግን “እኔ ለሁለቱም ነኝ” እያልኩ ነው። በ37ኛው ደቂቃ ሄንሪ ቅጣት ምት አሻማ፤ ሶል ካምቤል ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ አስቆጠረ። ሳላስበው ብድግ ብዬ ጮህኩ። ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ። የባርሴሎና ደጋፊ ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ። አንዱ “መሀል ላይ ነኝ አላልክም?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የስቃይ ነበር። አሥር ሰው ሆነው ሲከላከሉ እያንዳንዷን ኳስ አብሬ ነው ያወጣሁት። የባርሴሎናው ላርሰን ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ገባና ጨዋታውን ገለበጠው። በ76ኛው ደቂቃ ኤቶ አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ቤሌቲ። 2 ለ 1። ዋንጫውን “የኔ” የምለው ቡድን በላ። እኔ ግን ማጨብጨብ አቃተኝ። ሄንሪ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተወተፈ።

እና ከዚያ ምሽት በኋላ ባርሴሎናን ተውኩት? አልተውኩትም። በ2007 ሄንሪ ራሱ ወደዚያ ሲሄድ እንዲያውም ፈቃድ ያገኘሁ መሰለኝ። በ2009 ሊጉን፣ የስፔንን ጥሎ ማለፍና የአውሮፓን፣ ሦስቱንም ዋንጫ አብሯቸው ሲያነሳ ደስታዬ እውነተኛ ነበር። ይህን አልክድም። ተጫዋችን ተከትሎ መውደድ ነውር አይመስለኝም። ልብ የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ አጥር አናጥርለትም።

ችግሩ የመጣው በ2011 ነው። ይህን ክፍል ሳወራው እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ነሐሴ ላይ ነው። ፋብሬጋስ በዚያው ወር ወደ ባርሴሎና ሄዷል፤ ናስሪም ወደ ማንቸስተር ሲቲ። አርሴናል ተጎድቶ፣ ሳስቶ የማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ገባ። የኛው ቫን ፐርሲ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ ዴሂያ አዳነበት። ሩኒ ሦስት አገባ። ስምንት ለሁለት። እደግመዋለሁ፣ ስምንት ለሁለት። ከስድስተኛው በኋላ ድምፁን አጠፋሁት። ምስሉን ግን ማጥፋት አልቻልኩም።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ማሊያዬን፣ ጀርባው ላይ የሄንሪ 14 ቁጥር ያለውን፣ አወለቅሁ። የ4ቷ ጠርዝ ከብዙ እጥበት የተነሳ ተልጣ ነበር። ሁልጊዜ ሳጥፈው በጣቴ ጫን አድርጌ እለጥፋታለሁ። ያን ቀን አልለጠፍኳትም። ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ከላዩ የባርሴሎናን ማሊያ አደረግሁበት። እንዳይታየኝ።

በማግስቱ ጠዋት የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆነ ወዳጄን አገኘሁት። ገና አፉን ሳይከፍት ቀድሜው ተናገርኩ። “እኔ እኮ ድሮም የባርሴሎና ነኝ” አልኩት። ከሦስት ወር በፊት ባርሴሎና ያንኑ ዩናይትድን በዌምብሌይ 3 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ወስዷል። ጥሩ መሸሸጊያ ነበር። ወዳጄ ሊያበሽቀኝ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ግን አላበሸቀኝም። ለጥቂት ሰከንድ አየኝና “እሺ” ብሎ ሄደ። “እሺ” ብቻ። ከስምንቱ ጎል የባሰችብኝ ይህች ቃል ናት።

በሽንፈቱ ቀን ሜዳ ላይ የነበሩት የአርሴናል ደጋፊዎች እየተሸነፉም ይዘምሩ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው፣ ስምንት ጎል ቆጥረው፣ ይዘምራሉ። ክለቡ በኋላ ለነዚያ ሰዎች የሌላ ጨዋታ ትኬት በራሱ ወጪ ሊሰጣቸው ወሰነ። እኔ በእግሬ አንድ እርምጃ ሳልጓዝ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥያቸው ሄድኩ።

“ሁለት ባላ ትከል” የምትለው ተረቴ ምን ማለት እንደሆነች የገባኝ ያኔ ነው። ባላ ለመንጠልጠያ ነው። ሲሰበር ሌላ ይፈለጋል። ባላ ሲሰበር ማንም አያለቅስለትም። እኔ ባርሴሎናን የወደድኩት መስሎኝ እንደ ባላ ተክዬው ነበር። ይህ ለአርሴናልም በደል ነው፤ ለባርሴሎናም በደል ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን አላለቀም። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2020፣ አሁንም ነሐሴ ላይ፣ ባርሴሎና በሊዝበን ከባየርን ሙኒክ ጋር ተጫወተ። በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ ባዶ ነው። የቻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ። ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ስምንት ለሁለት። ያቺው ቁጥር! ከስምንቱ ሁለቱን ያገባው ደግሞ ባርሴሎና ራሱ ለባየርን በውሰት የሰጠው ኮቲንሆ ነው።

አዘንኩ። የሜሲን ፊት ሳይ በጣም አዘንኩ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ ነው የደነገጥኩት። ውጤቱ አንድ ነው። የሽንፈቱ ወር እንኳ አንድ ነው። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠኝ አደረ፤ አንዱ እንቅልፌን አልነካውም። ማን የትኛው እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ሰዎች “እውነተኛ ደጋፊ አንድ ቡድን ብቻ ነው ያለው” ሲሉ አልስማማም። ሕይወት እንደዚያ ቀጥ ያለች አይደለችም። ኔፕልስን እዩ። በ1990 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጣልያን ከአርጀንቲና ጋር ተገናኘች። ጨዋታው የት ሆነ? ኔፕልስ፣ ሳን ፓውሎ ስታዲየም። የአርጀንቲናው ማራዶና ቤት። ከ1984 ጀምሮ እዚያ የተጫወተ፣ ሁለት የሊግ ዋንጫ ያመጣላቸው ሰው። ማራዶናም ከጨዋታው በፊት ለኔፕልስ ሰዎች ተናገረ፦ ዓመቱን ሙሉ የሚንቋችሁ ሰዎች ዛሬ አንድ ቀን ጣልያናዊ ሁኑ ይሏችኋል፣ እኔን ደግፉኝ አላቸው።

እስቲ ራሳችሁን እዚያ አስቀምጡት። በአንድ በኩል አገርህ። በሌላ በኩል ከተማህን ቀና ያደረጋት ሰው። ስታዲየም ውስጥ አንድ ጽሑፍ ተሰቀለ፤ “ማራዶና፣ ኔፕልስ ትወድሃለች፤ ጣልያን ግን አገራችን ናት” ይላል። ስለ ደጋፊ ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚበልጥብኝ የለም። ፍቅሩን አልካዱም። ቦታቸውንም አልካዱም። የአርጀንቲናን መዝሙር በፉጨት አልረበሹም፤ ሮም ላይ በፍጻሜው ግን ሌላው ሕዝብ በፉጨት አደነቆረው። ኔፕልስ ላይ አንድ ለአንድ ተለያይተው፣ አርጀንቲና በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አለፈች። ማራዶናም የራሱን አገባ። በዚያ ምሽት ኔፕልስ ውስጥ ስንቱ ሰው ሳይተኛ እንዳደረ አስባለሁ።

በርሊንም አለች። ግንቡ በ1961 ከተማዋን ለሁለት ሲከፍላት በምሥራቅ የቀሩ የሄርታ ደጋፊዎች ቡድናቸው ማዶ ቀረባቸው። መጀመሪያ አካባቢ ግንቡ ሥር ተሰብስበው የስታዲየሙን ጩኸት ያዳምጡ ነበር። ጨዋታ ማየት ቀርቶ ጩኸት ለመስማት! በምሥራቅ በኩል ያለው ዩኒየን ነው፤ የሁለቱ ደጋፊዎችም ወዳጆች ሆኑ። ግንቡ ከፈረሰ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ ጥር 1990 ላይ ሄርታና ዩኒየን የወዳጅነት ጨዋታ አደረጉ። ከ50 ሺህ ሰው በላይ መጣ። አንድ አንገት ላይ የሁለቱንም ክለብ ስካርፍ ያደረገን ሰው ያኔ ከዳተኛ የሚለው ማነው? በኋላ አንድ ሊግ ውስጥ ሲገናኙ ወዳጅነቱ ሻክሯል። እሱም የእግር ኳስ ነው።

ባለቤቶቹ ራሳቸውስ? ዛሬ አንድ ኩባንያ በተለያየ አገር ብዙ ክለብ ይገዛል። በ2021 ሚያዝያ ላይ 12 ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባለውን፣ የትልልቅ ክለቦች የራሳቸውን ውድድር፣ ይዘው ብቅ ሲሉ አርሴናልም ባርሴሎናም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱም ቡድኖቼ! ያን ቀን በሁለቱም እኩል ተናደድኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱን የእንግሊዝ ክለቦች ያስወጣቸው የደጋፊ ቁጣ ነው። ታማኝነትን ከሚፈትሹ ሰዎች ጋር ስከራከር ይህን አነሳለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዶርትሙንድን መውደዱ አይደለም ጨዋታውን የሚጎዳው።

የማሊያዬን ነገር ሳልጨርስላችሁ። ከዚያ ከ2011 ሽንፈት ሁለት ሳምንት ቆይቼ ከመሳቢያው አወጣሁት። 4ቷን በጣቴ ለጠፍኳት። ወዳጄንም ፈልጌ “ያን ቀን የዋሸሁህ ነገር አለ” አልኩት። “አውቃለሁ” አለኝ። ከዚያ ስለ ስምንቱ ጎል አንድ በአንድ አወራን። እያመመኝ፣ ግን ደስ እያለኝ።

ለእህቴ ልጅም ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ ነገርኩት። ስለ ካምቤል ጎልና ስለ ወደቀው ወንበር፣ ስለ ሁለቱ ስምንት ለሁለት። በጸጥታ ሰማኝ። ከዚያ “ታዲያ ዶርትሙንድን መደገፍ እችላለሁ?” አለኝ። “ትችላለህ” አልኩት። “አርሴናል በተሸነፈ ጊዜ ግን ‘እኔ የዶርትሙንድ ነኝ’ እንዳትል።”

እንደምንም ብሎ ሳቀ። “አጎቴ፣ አርሴናል ሲሸነፍ እኔ ምንም አልልም እኮ” አለኝ። እህቴ ከወዲያ ሆና ሰማችን። “እውነቱን ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የሚያመሸው። እራትም አይበላ” አለች።