የሆኖሉሉና የካሁሉዊ በረራ፦ 160 ኪሎ ሜትር እንዴት 40 ደቂቃ ይፈጃል?

[ምስል፦ የሃዋይ ደሴቶች ካርታ፤ ኦዋሁና ማዊ ጎልተው ይታያሉ]

በኦዋሁ ደሴት ከሚገኘው የሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ በማዊ ደሴት እስካለው የካሁሉዊ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የመንገደኞች ጄት ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ርቀቱን ለዚህ ፍጥነት ብናካፍለው 12 ደቂቃ እናገኛለን። በበረራ ሰሌዳው ላይ የሚነበበው ግን 40 ደቂቃ አካባቢ ነው።

ስሌቱን የሚያሳስተው ርቀቱ አይደለም። ውቅያኖስ በሚያቋርጥ ረጅም በረራ፣ በምድር ገጽ ላይ አጭሩ መስመር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ጎብጦ ይታያል፤ በሁለቱ ደሴቶች መካከል ግን ይህ ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሚያሳስተው ፍጥነቱ ነው።

[ምስል፦ የበረራው ከፍታ ከጎን ሲታይ]

የሰሌዳው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው አውሮፕላኑ የመሳፈሪያውን በር ለቆ ሲንቀሳቀስ እንጂ ከመሬት ሲነሳ አይደለም፤ የሚያበቃውም መዳረሻው በር ላይ ሲቆም ነው። ከሆኖሉሉ መንደርደሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 የተከፈተውና ከባሕሩ ዳርቻ ወጣ ብሎ በኮራል ድንጋይ ላይ የተሠራው ሲሆን፣ ወደዚያ የተመደበ አውሮፕላን ገና ሳይበር በመሬት ላይ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ከተነሳ በኋላም በአሜሪካ የአየር ክልል ደንብ መሠረት ከ10,000 ጫማ በታች በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አይፈቀድለትም። ከዚህ ከፍታ በላይ ወጥቶ ፍጥነት መጨመር ሲጀምር ደግሞ ለማረፍ መውረድ የሚጀምርበት ቦታ ቀርቧል፤ ስለዚህ ስሌታችን የተመሠረተበትን 800 ኪሎ ሜትር፣ ቢደርስበት እንኳ፣ የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው የንግድ ነፋስ ወደ ማዊ የሚሄደውን አውሮፕላን በከፊል ከፊት ስለሚገጥመው የመልሱ ጉዞ ትንሽ ይፈጥናል። ብዙ ሰው ለነፋስ ትልቅ ድርሻ ይሰጣል፤ በዚህ ርቀት ግን ለውጡ የአንድና የሁለት ደቂቃ ነው።

በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች በዌስትሬይና በፓፓ ዌስትሬይ መካከል ያለው በረራ ነገሩን ከሌላ በኩል ያሳያል። ርቀቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሰሌዳው የተመደበለት 2 ደቂቃ ነው፤ በ53 ሰከንድ የተጠናቀቀበት ጊዜም ተመዝግቧል። የሚበረው ከጄት እጅግ የሚዘገይ ባለ ፕሮፔለር ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ሆኖም አጭር መንደርደሪያ ስለሚበቃውና ከፍ ብሎ መውጣት ስለማያስፈልገው ጉዞውን ወዲያው ይጨርሳል።

ኦዋሁና ማዊ ዓመቱን ሙሉ የሚመሩት በአንድ ሰዓት ስለሆነ፣ ከመድረሻው ሰዓት ላይ የመነሻውን መቀነስ ትክክለኛውን የጉዞ ጊዜ ይሰጣል። ከካሁሉዊ ተነስቶ በሆኖሉሉ በኩል ሌላ በረራ የሚቀጥል መንገደኛም የመሸጋገሪያ ጊዜውን ማስላት ያለበት በኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በዚሁ በሰሌዳው የመድረሻ ሰዓት ነው።