«አፕዴት አድርጉ» አትበሏቸው

(ደሴ ላይ በተካሄደ የዌብ ሥራ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሼኹም ቄሱም መርቀው ከፍተውልናል። ከምርቃት በኋላ ስለ ብሮውዘር፣ ኢንተርኔት ስለምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ማውራት ትንሽ ይከብዳል፤ ግን የተጠራሁት ለሱ ነው። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የዌብ ስታንዳርዶች ትናንትና ዛሬ» የሚል ነው። ትናንትን ቶሎ እጨርሰዋለሁ። ዛሬ ላይ የሚያናድደኝ ነገር አለና ጊዜዬን ለሱ ነው ያስቀመጥኩት።

ፊት ለፊት የተቀመጣችሁት ትናንትን ታውቁታላችሁ። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብተን በደቂቃ እየከፈልን የተማርን ነን። የማይክሮሶፍቱ ብሮውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 በፈረንጆቹ 2001 ወጣ። ተከታዩ 7ኛው እስከ 2006 አልመጣም። ያን ሁሉ ዓመት ዓለም አንድ ቦታ ቆሞ ቀረ። ፋየርፎክስ በሚባለው ሌላ ብሮውዘር ላይ ያማረ ገጽ ኤክስፕሎረር ላይ ሲከፈት ሳጥን በሳጥን ላይ ይወጣል። አማርኛውማ የባሰ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። እኛ ግን ከዚያም በኋላ ስንት ዓመት የላቲኑን ፊደል በግዕዝ መልክ በሚያሳይ ፎንት ብሮውዘሩን እያታለልን ነበር የምንጽፈው። ፎንቱ የሌለው ሰው ሲከፍተው የሚያየው ዝባዝንኬ ነው። ያን ዝባዝንኬ አይቶ «ቫይረስ ገባብኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን ያጠፋ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። አልጠቁምም።

ያ ዘመን አለፈ። ኤክስፕሎረር በጁን 2022 ጡረታ ወጣ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ አፕል፣ ጎግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ በየዓመቱ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። በሁሉም ብሮውዘር እኩል መሥራት ያለበትን ነገር ለይተው ያወጣሉ። ኢንተርኦፕ ይሉታል። ወላሂ ሥራው ለውጥ አምጥቷል። ዛሬ የጻፍነውን ኮድ ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ላይ ብንከፍተው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ «ብሮውዘሮች አይስማሙም» የሚለውን የድሮ ለቅሶ ዛሬ አላለቅስም።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። ባለጉዳይ የሚመዘገብበት አዲስ ሲስተም በዌብ ተሠራለት። ሠሪዎቹ የኛው ሙያ ሰዎች ናቸው፤ እነሱንም አልጠራም። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ «ሲስተሙ አይሠራም» ተባለና አንድ ወዳጄ እንዳየው ለመነኝ።

ገባሁ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ጡረታቸው የደረሰ ነው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ፊታቸው ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነው። ለምን እንዲህ አሮጌ ሆነ ብላችሁ እንደማትጠይቁኝ አውቃለሁ። በኛ አቆጣጠር የ2014ቱ ጦርነት አልፎ ሰው ወደ ቢሮው ሲመለስ ምን እንደጠበቀው እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ከጠረጴዛው ላይ ሽቦው ብቻ የቀረበት ቢሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የተገኘው ተለቃቀመ። አንዱ ከመጋዘን ወጣ፣ አንዱ በስጦታ መጣ፣ አንዱ ተጠግኖ ተመለሰ። የእትዬም ከነዚያ አንዱ ነው። ራሙ 2 ጊጋባይት። ከተከፈተ እስኪነሳ አቦል ይደርሳል።

ስክሪኑ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። የቁስል ፕላስተር። ከታች በስተቀኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱማ ቁልፉ ነው ልጄ። እዚህ ጋ ስጫነው ይሄዳል። ግን አይታይም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፎርሙ አለ። ስም አለ፣ የአባት ስም አለ፣ ቀበሌ አለ። «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ የለም። ቦታው ነጭ ባዶ ነው። እሳቸው ግን ማውሱን ባዶው ላይ ሲያዞሩ ቀስቷ ወደ እጅ ስትቀየር አይተዋል። ሲጫኑት መዝገቡ ሄደ። ቦታው እንዳይጠፋቸው ፕላስተር ለጠፉበት። ገጹ ትንሽ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ከሄደ ፕላስተሩ ይስታል። ስለዚህ አጠገባቸው የምትሠራውን ልጅ «እንዳትነኪብኝ!» ብለው አስጠንቅቀዋታል። እኔ በዚህ ሙያ ስኖር እንዲህ ያለ ዲባጊንግ፣ እንዲህ ያለ ስህተት ፈልጎ መላ ማበጀት፣ አላየሁም። እስቲ ለእትዬ አጨብጭቡላቸው!

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የቁልፉ ጽሑፍ ነጭ ነው፤ ጀርባው ሰማያዊ መሆን ነበረበት። ሰማያዊው የተጻፈው ኦክኤልሲኤች በሚባለው አዲስ የቀለም አጻጻፍ ነው። አጻጻፉ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ክሮም ይህን ማንበብ የጀመረው በ111ኛው ቅጂ፣ በማርች 2023 ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም ደግሞ 109 ነው። የወጣው በጃንዋሪ 2023 ነው። ሁለት ወር! በሁለት ወር ተበልጠው ነው እትዬ ፕላስተር የለጠፉት። ብሮውዘሩ ቀለሙን አላወቀውም፣ ተወው፤ ነጭ ጽሑፍ ነጭ ላይ ቀረ።

የገጹን ቀለምና መልክ የምንጽፍበት ሲኤስኤስ የማያውቀውን ነገር ዘሎ ያልፋል። ከጥንት ጀምሮ ጠባዩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተራውን ቀለም እንጽፋለን፣ ከሥሩ አዲሱን እንደርባለን፤ አዲሱን የማያውቅ ብሮውዘር በተራው ይሠራል። እዚህ ጋ ግን ቀለሙ በቫሪያብል፣ ማለት ስም ወጥቶለት በተቀመጠ ዋጋ፣ ነው የገባው። ቫሪያብል ውስጥ ምንም ብንጽፍ ብሮውዘሩ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቀበላል። የማይገባው ነገር መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ከላይ የጻፍነውን ተራ ቀለም ጥሎታል። ወጣቶች፣ ይህችን ያዟት፤ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። መድኃኒቷ ቀላል ናት። ቫሪያብሉን በተራው ቀለም ጀምሩ፤ አዲሱን፣ ብሮውዘሩ ያውቀው እንደሆነ በምትጠይቀው «ሰፖርትስ» በምትባለው ደንብ ውስጥ ክተቱት። አለቀ።

ነገሩ የተደበቀ አይደለም። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሠራበት ቴይልዊንድ የሚባለው የሲኤስኤስ መሣሪያ፣ 4ኛው ቅጂው፣ ክሮም 111፣ ሳፋሪ 16.4፣ ፋየርፎክስ 128 እና ከዚያ በላይ እንደሚፈልግ ሰነዱ ላይ ቁልጭ አድርጎ ጽፏል። የሚያነብ ሰው ነው የጠፋው።

ለሠሪዎቹ ደወልኩ። ጨዋ ልጅ ነው ያነሳው። ጨርሼ ሳልነግረው «ጋሼ፣ ብሮውዘሩን አፕዴት ያድርጉት በሏቸው» አለኝ።

አፕዴት አድርጉት! እትዬ ይህን መልስ ከኔ በፊት ሰምተውታል። ሞክረውታልም። ክሮም ራሱ አናቱ ላይ ጽፎ ነግሯቸዋል፦ ከእንግዲህ አፕዴት ለማግኘት ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ታዲያ ማንን ነው አፕዴት አድርጉ የምንለው? የማይችለውን ሰው? ኮምፒውተሩን የገዙት እትዬ ናቸው? ጨረታውን ያወጡት እሳቸው ናቸው? እኛ ገንዘቡን ተቀበልን። እኛ አዲስ ላፕቶፕ ላይ፣ አዲስ ክሮም ላይ ከፍተን «ያምራል» አልን። ርክክብ ፈረምን። አንድም ሰው ሄዶ እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጠም! አንድም ሰው! ከፒያሳ እዚያ ድረስ እኮ በባጃጅ ነው የሚኬደው!

አሮጌ ኮምፒውተር ይኑር እያልኩ አይደለም። ዊንዶውስ 7 የደህንነት ጥገናው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። አደጋ ነው፣ ይቀየር። የመንግሥት ግዢ ግን እንደ ቴይልዊንድ ባሉ ፍሬምወርኮች ፍጥነት አይሄድም። በጀት ይያዛል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ጨረታው ይሰረዛል። ባለጉዳዩ ግን ነገም ይመጣል። ደግሞ ዊንዶውስ 10 ራሱ በኦክቶበር 14 2025፣ በኛ ጥቅምት 4 2018፣ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ስለዚህ ይህ ታሪክ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ አዲስ የምንለው ማሽን ነው ነገ ፕላስተር የሚለጠፍበት።

«ቤዝላይን ላይ አይቻለሁ፣ አረንጓዴ ነው» የሚለኝ ሰው አለ። ቤዝላይን አንድ የዌብ ነገር በየብሮውዘሩ ይሠራ እንደሆነ የሚነግር ምልክት ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። አንድ ነገር ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ላይ ከገባ 30 ወር ሲሞላው «በሰፊው ይገኛል» ይለዋል። ኦክኤልሲኤች በዚያ ስሌት በፈረንጆቹ 2025 ሳያልቅ ደርሷል። የእትዬ ቁልፍ ግን ዛሬም አይታይም። ያ ስሌት የመዝገብ ቤታችንን ጠረጴዛ አያውቀውም፤ የምናውቀው እኛ ነን። ሰርቨሩ ሎግ፣ ማለት የጎብኚዎች መዝገቡ፣ ላይ የእያንዳንዱ ጎብኚ ብሮውዘር ቁጥር ተጽፏል። ክፈቱና እዩት። ከማን ጋር እንደምትሠሩ እሱ ይነግራችኋል።

እትዬን እንዲሁ ጥያቸው አልወጣሁም። ፋየርፎክስ 115 ዊንዶውስ 7 ላይ ይጫናል፤ ፋየርፎክስ ደግሞ ይህን ቀለም ከ113 ጀምሮ ያውቀዋል። ጫንኩላቸው። ገጹን ከፈቱት፣ ቁልፉ ብቅ አለ።

«ኧረ ሰማያዊ ነው እንዴ!» አሉ።

ፕላስተሩን ላንሳው ስል ግን እጄን ያዙኝ። «ይቆይ እስቲ፣ ማን ያውቃል» አሉኝ። ተውኩላቸው።

ሌላም ጽፌ ነበር፤ ሰዓት ጠባቂው እያየኝ ስለሆነ ልሩጥ።

የቀን ሳጥኑን በተመለከተ፦ ገጹ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ብቻ ነው። የገጹ ፕሮግራም በሚጻፍበት ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው ኢንትል የሚባል ክፍል የኛን አቆጣጠር አስተካክሎ ያሳያል፤ ጳጉሜን ሳይቀር። ቀን ምረጥ ሲባል ግን የኛ የለም። ስለዚህ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም ያለው ሁሉ የየራሱን ካላንደር ይጽፋል። የሚቀጥለው ጳጉሜ 6 በኛ 2019 ነው። ከአሁኑ ፈትሹት። አንድ ጥሩ ካላንደር አብረን ብንጽፍ ምን አለበት?

ግዕዝን አይታሊክ፣ ማለት ዘመም ያለ ጽሑፍ፣ አታድርጉት። አብዛኞቹ የግዕዝ ፎንቶች አይታሊክ የላቸውም፤ ብሮውዘሩ ነው ገፍቶ የሚያዘምመው። ደግሞ «ላስት ኔም» ካልሞላህ አላሳልፍም የሚል ፎርም አትሥሩልን፤ የአባት ስም፣ የአያት ስም በሉ። ስለ አይፎንም ጽፌ ነበር፤ ለሌላ ቀን ይሁን።

ቡናው እየደረሰ ነው መሰለኝ፣ ጭሱ ገብቷል። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አንድ ላፕቶፕ አስቀምጫለሁ። ዊንዶውስ 7 ነው፣ ክሮም 109። የሠራችሁትን ሳይት እዚያ ላይ እንከፍተዋለን። አብሽሩ፣ ማንም ስክሪንሾት አያነሳም። የሚበላሽ ነገር ካለ እዚሁ አብረን እናስተካክለዋለን። ከፊተኛው ረድፍ እንጀምራለን፤ አድራሻችሁን ይዛችሁ ኑ።