ውሃው የት ይሂድ?

የተከበራችሁ የክፍለ ከተማችን ኃላፊዎች፣ የአልሚው ተወካዮች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፤ እንደምን አደራችሁ? እሑድ ጠዋት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ቤቴ እንደ አብዛኞቻችሁ በዕጣ የወጣልኝ ነው፤ የባንኩን ብድር ገና እየከፈልኩ ነው።

ከጎናችን ሆቴልና የሰርግ አዳራሽ ያለው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ እንደሚሠራ ያወቅነው የቆርቆሮ አጥሩ ሲተከል ነው። አንድ ጠዋት ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ወጡ፣ ቆርቆሮ አገኙ፣ ተመለሱ።

ሕንፃ አይሠራ የሚል ሰው እዚህ የለም። ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ፤ ከተማችን ስታድግም ደስ ይለናል። ቦታውም የእኛ አይደለም። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የእኛ የሆነው ቤታችንና የጋራ መጠቀሚያችን ነው፤ ከዚያ አናልፍም። የያዝነው ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሃው የት ይሂድ?

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ዝናቧ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው የሚወርደው። ሐምሌ ላይ ከጣሪያችንና ከግቢያችን የሚወርደው ውሃ ወደዚያ ቦታ ይሄዳል፤ ቦታው ከእኛ ዝቅ ይላል። እዚያ ይተኛል፣ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ የተረፈው በቦዩ አድርጎ ወደ ጣና ይወርዳል።

ግንባታ ሲጀመር የሚሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። መጀመሪያ ቦታው ሰሌክት በሚባለው የመሙያ አፈር ይሞላል፤ ከመንገዱ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ከዚያ ኮንክሪት ይፈስሳል። ያኔ ዝቅ የምንለው እኛ ነን።

ከታች፣ ምድር ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉን። አሁንም እዚህ ተቀምጠዋል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ያ ቦይ በፍርስራሽ ተደፈነ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጩኸታቸውን ሰምተን ወረድን። ውሃው ፍራሻቸው ጋ ደርሶ ነበር። የጤፉ ጆንያ ከታች ርሷል። በባልዲ፣ በጆግ፣ በጣሳ ስንቀዳ ነጋ። የውሃው መስመር ዛሬም ግድግዳቸው ላይ አለ። ሁለቴ ቀለም አስቀብተውበት ሁለቴም ተመልሶ ወጣ። ክረምት ሲቃረብ አፈር የሞላ ማዳበሪያ በራቸው ላይ ይደረድራሉ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ቦይ ለአንድ ሌሊት ቢዘጋ ነው።

ሌላም አለ፤ ለማውራት ቢያሳፍርም ልናገረው። የሴፕቲክ ታንካችን ነገር። ክረምት ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል፣ ታንኩም ቶሎ ይሞላል። መጣጭ መኪና የምናገኘው በወረፋ ነው። ለሰርግ የሚመጣው ያ ሁሉ እንግዳ የሚጠቀምበት መጸዳጃ ወዴት ሊገባ ነው? ሞልቶ ከፈሰሰ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ ሐይቁ ነው። እምቦጭን የሚያወፍረው እንዲህ ያለ ፍሳሽና ከማሳ ታጥቦ የሚመጣ ማዳበሪያ ነው። ገበሬው አረሙን በእጁ ሲነቅል ከርሟል፤ ከእኛም አብረው የነቀሉ አሉ። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚህ ግቢ የሚወጣው ቆሻሻም ወደዚያው ነው የሚሄደው።

ሕንፃው ከምድር በታች ቤዝመንት እንደሚኖረውም ሰምተናል። ሐይቅ ዳር የቆፈረ ሰው ያውቀዋል፤ ብዙ ሳይወርዱ ውሃ ይመጣል። ጉድጓዱን በፓምፕ ሲያደርቁት የጎረቤቱም አፈር አብሮ ይደርቃል። የሰፈራችን አፈር መረሬ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መሠረታችን የተቀመጠው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ድምፁና ስለ ጥላው ብዙ አልናገርም። ቦታው ከታጠረ በኋላ የለቅሶ ድንኳናችንን የት እንደምንተክል ግን አብረን እናስብበት። የጋራ መገልገያ ቤታችን፣ ኮሚናሉ፣ አይበቃም፤ ባለፈው ግማሹ ለቀስተኛ ደረጃ ላይ ነው የተቀመጠው።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 92 ላይ፣ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ሲታቀድም ሲፈጸምም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። እኛም ሐሳባችንን መስጠት የምንፈልገው ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ነው። ከተቆፈረ በኋላ የሚሰማ አቤቱታ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የፍሳሽና የጎርፍ ማስወገጃ ፕላኑን አሳዩን፤ የሚያስረዳን መሐንዲስም አብሮ ይምጣ። አዲሱ ቦይ ተሠርቶ በእኛም ፊት ውሃ ተለቆበት ሳይታይ ቦታው አይሞላ። ቁፋሮ ሳይጀመር ደግሞ የእኛም የእናንተም ባለሙያ ባሉበት የእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ፎቶ ይነሣ፣ ስንጥቁ ይመዝገብ። ይህ እናንተንም ይጠቅማል፤ ነገ ያላደረሳችሁት ጉዳት እንዳይለጠፍባችሁ።

ነዋሪው የፈረመበትን ደብዳቤ አሁን ለሰብሳቢው እሰጣለሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሻይ ከመጠጣታችን በፊት ወጥተን ቦታውን አብረን እንየው። ትናንት ማታ ዘንቧል፤ ውሃው ገና አልሰረገም።