ድስቶቻችን ይመለሱ

በደሴ ከተማ በአንድ ሰፈር ቅሬ (ዕድር) ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በቅሬው ዳኛ የቀረበ ንግግር

ቢስሚላህ ብላችሁ የገባችሁም፣ በስመ አብ ብላችሁ የገባችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ። መውሊዱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አለፈ፣ ዕንቁጣጣሹን ሐሙስ ዋልን፣ መስቀል ደግሞ ከፊታችን ነው። ዝናቡ እንደምታዩት ገና አልለቀቀንም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፄን ከዋጠው ከኋላ ያላችሁ እጃችሁን አንሱልኝ።

ጸሐፊያችን አጀንዳው ላይ «የዳኛው የአዲስ ዓመት መልእክት፣ 10 ደቂቃ» ብሎ አስፍሮልኛል። ጠዋት ከእሱ ጋር የተነታረክነው በዚሁ ነው። 10 ደቂቃ አይበቃኝም፤ ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሰሞኑን የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ስለ መለወጥ ነው። የልጅ ልጄ የዓመቱን ዕቅዷን ጽፋ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፋዋለች፦ በጠዋት መነሳት፣ ስፖርት መሥራት፣ ስልክ መቀነስ። ሦስተኛዋን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ጳጉሜን 3 ለሩፋኤል ዝናቡ ሲወርድ ልጆቹ እንደ እኛ ጊዜ ልብሳቸውን ጥለው ግቢ ለግቢ ይሯሯጡ ነበር፤ ትልልቆቹም ከጣሪያው የሚወርደውን በባልዲ ሲቀበሉ ነበር። ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ መስጊድ ደርሳችሁ የመጣችሁ አላችሁ። በ21 ግሸን ለመውጣት ከወዲሁ ጫማ የገዛችሁ፣ ስንቅ የምታሰናዱ አላችሁ። እሰየው! ሰው ከኃጢአቴ ልንጻ ሲል ማን ይከለክለዋል?

እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ድስቶቹስ?

አትሳቁ። የሳቃችሁት የምታውቁት ናችሁ። ቅሬውን በቅርቡ ለተቀላቀላችሁት ግን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ይህን ቅሬ ያቋቋሙት አባቶቻችንና እናቶቻችን ሳንቲም በሳንቲም አዋጥተው መጀመሪያ የገዙት ድንኳን ነበር። ቀጥለው ድስት ገዙ። ሲገዙም ጥንድ ጥንዱን ነበር። ሁለት ጎላ፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሁለት ትንሽ። የአንዱን ጆሮ አረንጓዴ ቀለም ቀቡት፤ ያ የእስላሙ ነው። የሌላውን ቀይ ቀቡት፤ እሱ የክርስቲያኑ ነው። የክርስቲያን ሥጋ አረንጓዴው ውስጥ አይገባም፤ የእስላም ሥጋም ቀዩ ውስጥ አይገባም። በዚህ ነገር አንድም ቀን ክርክር ተነሥቶ አያውቅም። ክርስቲያን ቤት ለቅሶ ሲሆን የእስላሙ ወጥ በአረንጓዴው ለብቻው ይሠራል፤ ሸሁ ያረዱት ለብቻው ይቀቀላል። እስላም ቤት ሲሆን ክርስቲያን እናቶች ሽንኩርት ሲከትፉና እንጀራ ሲጋግሩ ያድራሉ። አንዱ የሌላውን ሳይነካ፣ አንዱም ሳይራብ በአንድ ድንኳን እንቀመጣለን። ወሎ ፍቅር ነው፣ ወሎ መቻቻል ነው እያሉ በቴሌቪዥን ሲያወሩ እሰማለሁ። መቻቻሉ በአፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጆሮው አረንጓዴ በሆነ ድስት ነው የኖረው!

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲገባ አብዛኞቻችን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ፣ ከዚያም እስከ ደብረ ብርሃን ተበተንን። በእግሩ የሄደ ሄደ፣ ሽማግሌ የያዘ እዚሁ ቀረ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ሲመለስ እኛም ተመለስን። የቅሬው ቤት በር ተገንጥሏል። ድንኳን የለም። አግዳሚ የለም። ሰሐን፣ ብርጭቆ፣ ጀበና፣ ድስት፣ አንድም የለም። የቀረልን የሟቾች ስም ያለበት መዝገብ ነበር። እሱን ማንም አልፈለገውም።

ያን ጊዜ ሁላችንም «ታጣቂ ወሰደው» አልን። ታጣቂ የወሰደው እንዳለ አልክድም፤ ከተማው በሙሉ ያየው ነው። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ለ300 ሰው ወጥ የሚሠራበት ጎላ ለታጣቂ ምን ይሠራለታል? ጀርባው ላይ አዝሎት ሊዋጋ ነው?

ያም ሆኖ ዝም አልን። አዲስ መዋጮ ጣልን፣ ድንኳን ገዛን። ድስት ግን ዋጋው አልቀመስ አለንና እየተከራየን መሥራት ጀመርን።

ባለፈው ሰኔ ቅሬውን ካቋቋሙት የመጨረሻዋ እናታችን አረፉ። አላህ ይዘንላቸው። ዝናቡ ገብቶ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ በጭቃ። ለሰደቃው ሁለት ድስት ከአንድ ዕቃ አከራይ ተከራይተን በባጃጅ አስመጣን። ስሙን አልጠራም፤ ሰፈሩንም አልጠራም። ድስቶቹ እጀታቸው ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። እናቶች ከበዋቸው ቆሙ። ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ እሳቱ ተያይዟል፣ ማንም ግን ድስት አይጥድም። ምን ሆናችሁ ብላቸው ዝም። በኋላ አንዷ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ምን ተሠርቶባቸው እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትናንት የማን ሠርግ ላይ እንደዋሉ፣ ምን ሥጋ እንደተቀቀለባቸው የሚነግረን የለም። አስቡት! እኚያ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ወጥ በየድስቱ ለይተው ሲሠሩ ኖረው፣ በራሳቸው ሰደቃ ላይ ይህ ገጠመን።

ይሁን፣ እናጥበው ተባለ። አንዲት ልጅ በአመድና በሽቦ ትልቁን ድስት ትፈትገው ጀመር። ጆሮው ጋ ስትደርስ ጥቁሩ ቀለም ተላጠ። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ።

መጀመሪያ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ጎኑን አዞርነው። ከበፊትም ጎኑ ተሰንጥቆ ተበይዶ ነበር። የበየደው ልጅ እዚያው ድንኳን ሲያስር ነበርና ጠራነው። አንድ ጊዜ አይቶ «የእኔ ብየዳ ነው» አለ። እናቶቹ ለቀብሩ ካለቀሱት ይልቅ ያን ጊዜ ያለቀሱት ይበልጣል።

ሰደቃው እንዳይበላሽ ነገሩን አፍነን ምግቡን ሠራን፣ እንግዳ ሸኘን። በማግስቱ ኪራዩን ከፈልን። አዎ፣ ከፈልን! በአባቶቻችን ሳንቲም የተገዛን፣ ከገዛ ቤታችን የወጣን ድስት በገንዘባችን ተከራይተን፣ ደረሰኝ ተቆርጦልን መለስን! ደረሰኙ ጸሐፊው ጋ አለ፤ የጠየቀ ያየዋል።

አከራዩን አነጋገርኩት። ሰውየው በግልጽ ነገረኝ፤ በጥሬ ብር ነው የገዛው። ከማን? «ከእናንተው ሰፈር ሰው» አለኝ። ስሙንም ነገረኝ።

ስሙን አውቀዋለሁ። ዛሬ እዚህ ይኑር አይኑር ግን አልናገርም። ዞር ዞር ብላችሁ አትተያዩ፤ እኔን እዩ።

ያን ጊዜ ረኀብ እንደነበረ አውቃለሁ። ባንክ ተዘግቶ፣ ወፍጮ ቆሞ፣ ልጆቿ እያለቀሱባት ከተከፈተ መጋዘን ዱቄት የተሸከመችውን እናት እኔ አልከስም። በእሷ ላይ ጣት የሚቀስር ቢኖር ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው። ድስት ግን አይበላም። ድስት የወሰደ ሰው ድስት ወስዶ፣ ደብቆ፣ ሰላም ሲሆን አውጥቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሸጦ ነው። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥም ስንት ጁምዓ፣ ስንት እሑድ አልፏል!

ክርስቲያኖቹ ስሙኝ፤ እኔም ከእናንተው ነኝ። ሐሙስ ዕለት ያከበርነው ቀን ቅዱስ ዮሐንስ ይባላል። ሕዝቡ ወደ መጥምቁ መጥቶ ምን እናድርግ ብሎ ሲጠይቀው ምን አለ? ተራራ ውጡ አላለም። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ይስጥ አለ። ለቀራጮቹ ከታዘዘላችሁ አትርፋችሁ አትውሰዱ አለ። ለጭፍሮቹ ማንንም አትግፉ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አለ። የሰው ገንዘብ ከእጃቸው እንዲወጣ ነው የነገራቸው። እኛ በስሙ ችቦ አብርተን፣ ዶሮ አርደን፣ የሰው ድስት አልጋ ሥር አስቀምጠን «አዲስ ሰው ሆንኩ» እንላለን! የነፍስ አባት ቀኖና ሰጠኝ፣ ሰገድኩ፣ ጾምኩ ይላል። ስግደቱን ለእግዚአብሔር ሰጠኸው፤ ድስቱን ለማን ሰጠኸው?

ሙስሊሞቹ ዘንድ ያለውን ከእኔ ይልቅ ሸሁ ያውቁታል፤ እዚሁ ተቀምጠዋልና ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። ያን ሰሞን ጠይቄያቸው ነበር። ሰው ጥፋቱን ሊተው፣ ሊጸጸት፣ ዳግመኛ ላይመለስበት ሊቆርጥ ይገባዋል አሉኝ። የሰው ሐቅ ያለበት ከሆነ ግን ሐቁን ለባለቤቱ ካልመለሰ ተውባው አልሞላም አሉኝ። አንድ ታሪክም ነገሩኝ። ከኸይበር ዘመቻ በኋላ የነቢዩ አገልጋይ የነበረ ሰው በቀስት ተመትቶ ሞተ። ሰዎቹ «ሰማዕት ሆነ፣ ታደለ» አሉ። ነቢዩ ግን ከምርኮው ሳይከፋፈል የወሰዳት ካባ እሳት ሆና እየነደደችበት ነው አሉ። ይህን የሰማ አንድ ሰው ሮጦ የጫማ ጠፍር አምጥቶ መለሰ። የጫማ ጠፍር! እኛ ጋ ጎላ ድስት ይዞ የሚተኛ ሰው አለ!

እንግዲህ ጀማ ንጉሥ የሄደም ግሸን የሚሄድም፣ የሰው ሐቅ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ይከብዳልና ቀለል ብሎ ይውጣ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ ከሌባውም ይልቅ ያናድደኛል። የወሰደው ጥቂት ሰው ነው፤ ያየው ግን ብዙ ነው። በጨለማ ሲወጣ ያየ አለ። ቀለም ሲቀባ ያየ አለ። «ጎረቤቴ ነው፣ የአበልጄ ልጅ ነው፣ ምን አገባኝ» ብሎ ዝም አለ። ከዚያ በሟች ቤት ድንኳን ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጦ «ኪራይ ተወደደ» እያለ አብሮን ያማርራል! ይሉኝታ መልካም ነው፤ አሳድጎናል። ሌባ የሚሸፍን ይሉኝታ ግን እዚህ ቅሬ ውስጥ ቦታ የለውም።

አባቶቻችን ከብት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠሩ ነበር። የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ እርሻው አይሄድም፤ ካልታወቀም ሁሉም ተካፍሎ ይከፍላል። አንዳንዶቻችሁ ያን እናድርግ ብላችሁኛል። ኮሚቴው ተነጋግሮበት በአንድ ድምፅ ሌላ መንገድ መርጧል።

እስከ መስከረም 21 ድረስ የቅሬው ቤት የውጭ በር ማታ ማታ አይቆለፍም። ጥበቃውም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ተነግሮታል። ድስት፣ ወንበር፣ ሰሐን፣ ምንም ይሁን ምን አምጥቶ ደጁ ላይ አስቀምጦ መሄድ ነው። በራሱ እጅ ማምጣት የከበደው በሸሁ ወይም በነፍስ አባቱ በኩል ይላክ። የሸጠው ዋጋውን በፖስታ አሽጎ ይላክ፤ በአንድ ጊዜ የማይችል በየወሩ ይላክ፤ ጸሐፊው «ከበጎ አድራጊ» ብሎ ይመዘግበዋል። ማን አመጣው፣ መቼ አመጣው ብሎ የሚጠይቅ፣ መስኮት ላይ ቆሞ የሚሰልል አባል ቢገኝ እሱን እቀጣዋለሁ። ወጣቶች፣ በስልክ ፎቶ ማንሣት ብሎ ነገር የለም። የመጣውን ዕቃ እናቶች በአመድ አጥበው፣ አረንጓዴውን አረንጓዴ፣ ቀዩን ቀይ ቀብተው ያስቀምጡታል።

ከግሸን ማግስት በኋላ ግን አውጫጭኝ ይጠራል። ያኔ እኔም የሰማሁትን ስም ተነሥቼ እናገራለሁ።

ሌላው ነገር አጭር ነው። የጥሩምባ ድምፅ አልሰማሁም እያላችሁ ቀብር የምትቀሩ፣ ቅጣቱ እንደ ዱሮው ነው። የተኳረፋችሁ ሁለት ቤቶች፣ ስማችሁን አልጠራም፣ በዚህ ሳምንት አስታራቂዎቹ አበጋሮች ይመጡባችኋል፤ ቡና አፍሉላቸው። ከሰዓት በኋላ ቅሬው ቤት ውስጥ ጫት መቃም ክልክል ነው፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደምናገር እኔም ረስቼዋለሁ። አዲስ የገባችሁ መመዝገቢያችሁን ዛሬ ክፈሉ።

እኔ ጨርሻለሁ። አሁን ጸሐፊው የዓመቱን ገቢና ወጪ ያነብላችኋል። የድስት ኪራይ የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ ያንብበው።