«አይቻልም» ያልኩ ዕለት

እሺ። ዛሬ ከኮምቦልቻ ነው የምቀዳው። ደሴ ቤቴ ብሆን ኖሮ ይሄኔ ጋቢ ደርቤያለሁ። እዚህ መስኮቱን ከፍቼም ላብ በላብ ነኝ። የሚሰማችሁ ባጃጅ ነው፣ ታገሱኝ።

የእናቴን የቡና ታሪክ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። አልረሳሁትም። ግን ዛሬ ሌላ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው። የጋሼ ጣት።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፣ የጥገናው ጋሼ። ቡና በጨው ካልሆነ የማይቀምሱት።

የማሽን ብልሽት የምንመዘግብበት ሲስተም አለን አይደል፣ ትኬት የምንከፍትበት። እሱ በብሮውዘር ነው የሚሠራው። የመለዋወጫው ዝርዝር ግን ስልክ ላይ ባለ አፕ ውስጥ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ የሠራው። አፑ የራሱ ሊንክ አለው። በኤችቲቲፒ አይጀምርም፤ «ዕቃ» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት እዝባር፣ የመለዋወጫው ቁጥር። ስልኩ ያንን ሲያገኝ ቀጥታ አፑን ይከፍታል። «ቴል» ብሎ የሚጀምር ሊንክ ስትነኩ መደወያው እንደሚመጣው ማለት ነው።

ልጁ ሊንኩን ትኬቱ ላይ ለጠፈው። ጋሼ ከማሽኑ ሥር ወጡ። እጃቸው ግራሶ በግራሶ ነው። ጣታቸውን በቱታቸው ጠረጉና ነኩት። ዝም። እንደገና ጠረጉ፣ አሁን በደንብ፣ በጨርቁ ውስጥ በኩል። ነኩት። ዝም። ሦስተኛው ላይ ጣታቸውን ትንሽ አቆዩት መሰለኝ፣ ጽሑፉ ሰማያዊ ሆነ። «ኮፒ» የሚለው ብቅ አለ። የተከፈተ መሰላቸው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ! አንድ አፍታ ናት። ከዚያ ጠፋ። ወደኔ ዞረው «የኔ ልጅ፣ ስነካው ለምን አይከፈትም?» አሉኝ።

እኔ ከላፕቶፔ ቀና እንኳን አላልኩም።

«እሱ አይቻልም ጋሼ። የሴኩሪቲ ጉዳይ ነው።»

«እሺ» አሉ። በቃ፣ «እሺ» ብቻ።

ከዚያ ከካርቶን ላይ ቁራጭ ቀደዱና ቁጥሩን በእስክሪብቶ ገለበጡ። የኩሽኔታ ቁጥር ነው። 6205። መጨረሻው ላይ ግራሶ ነካው። ዕቃ የሚያመጣው ልጅ ካርቶኑን ይዞ ደሴ ወጣ። ይዞ የመጣው 6204 ነው። ለማታውቁ፣ 6204 ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር ነው፣ 6205 ደግሞ 25። አምስት ሚሊ ሜትር ናት፣ ግን ዘንጉ አይገባም። በማግስቱ ልጁ ያንን ሁሉ የሐረጎ ጠመዝማዛ በጭጋግ ድጋሚ ወጣው። ማሽኑ እስከ ከሰዓት ቆመ። ማንም እኔን አልወቀሰም። ጋሼ «የኔ ጽሑፍ ነው» አሉ። «የኔ ጽሑፍ ነው» ሲሉ... እንጃ።

ቆይ፣ ነገሩን በትክክል ልናገር። ሲስተሙ የማያውቀውን ሊንክ የማይነካ ተራ ጽሑፍ አድርጎ የሚያሳየው በፍርሃት ነው፣ ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለ ሲስተም ላይ ማንም ሰው ኮሜንት ይጽፋል። ሲስተሙ የተጻፈውን ሁሉ ሊንክ ካደረገ፣ አንዱ በ«ጃቫስክሪፕት» የሚጀምር ሊንክ ያስቀምጥላችኋል። ስትነኩት በናንተ አካውንት፣ በናንተ ስም ኮድ ይሠራል። ለዚህ ነው የተፈቀደ ዝርዝር የሚያዘው። ኤችቲቲፒ ይግባ፣ ኢሜይል ይግባ፣ ሌላው በር ላይ ይቁም። ሁሉን ፈቅደው አደገኞቹን ብቻ የሚዘጉም አሉ። እኔ የመጀመሪያው ይሻለኛል። ግን ዝርዝሩ ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚወስነው እዚያ ቦታ የሚሠራው ሰው መሆን አለበት። ኩሽኔታ የሚፈታው ሰው።

ደግሞም ይቻላል! እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ያ ትኬት የምንከፍትበት ሲስተም ጊትቲ ይባላል። የዚያኑ ሳምንት ማታ ማኑዋሉን ከፈትኩ። የሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ፣ ማርክዳውን (የጽሑፍ አቀራረብ ማለት ነው) የሚለው ክፍል ሥር፣ «ከስተም ዩአርኤል ስኪምስ» የሚል መስመር አለ። ስኪም ማለት ሊንኩ የሚጀምርበት ስም ነው፣ እንደ «ቴል»፣ እንደ «ዕቃ»። ተጨማሪ ሊንክ እንዲሆኑ የምትፈልጓቸውን በኮማ እየለያችሁ ትጽፋላችሁ። አለቀ። ትራክ የሚባለው ሌላው የትኬት ሲስተምም «ሴፍ ስኪምስ» የሚል ዝርዝር አለው። የኛው ላይ አንድ ቃል ጻፍኩ፣ ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግኩ፣ በስልኬ ነካሁት። አፑ ተከፈተ። ሻዬ እንኳን አልቀዘቀዘም ነበር።

«አይቻልም» ስላቸው አላውቅም ነበር ማለት ነው። «አላየሁትም ጋሼ፣ ልይልዎት» ማለት ነበረብኝ። ለምን እንደዚያ አላልኩም? ቢዚ ነበርኩ? ነበርኩ። ግን ለአለቃዬ ቢሆን እንደዚያ እመልስ ነበር? ይሄን ጥያቄ እዚህ ላይ ልተወው።

በነገራችን ላይ አፑን የሠራው ልጅ መጀመሪያ የሊንኩን «ዕቃ» በራሳችን ፊደል ሊጽፈው ነበር። በ«ዕ»። አልሆነም። የዩአርኤል፣ ማለትም የሊንክ አድራሻ ደንቡ፣ በፈረንጆች የ2005ቱ፣ አርኤፍሲ 3986 የሚባለው፣ ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው ስም በላቲን ፊደል ይጀምር ይላል። ከዚያ በኋላም የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ፕላስ፣ ሰረዝ፣ ነጥብ። ሌላ አይገባም። ልጁ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከዘ። እኔም አብሬው። እሱ እውነተኛ «አይቻልም» ነው። አንብበን የደረስንበት። ሁለቱን አንድ ላይ ሳስባቸው ልቤ ይከብደኛል።

ብቻ... አስተካከልኩት አይደል። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይቻላል፣ ተሳስቼ ነው» አልኳቸው። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እፎይ አልኩ። አለቀ ብዬ ነበር።

ትናንት ግን በማታው ሺፍት አየኋቸው። ትኬቱን ከፍተዋል። ሊንኩ ከሥሩ ተሰምሮበት ቁጭ ብሏል፣ ሰማያዊ ሆኖ። ጋሼ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱና ካርቶን አወጡ። እስክሪብቶ አወጡ። ቁጥሩን እየገለበጡ፣ እያንዳንዱን እየጮሁ ያነባሉ። ስድስት። ሁለት። እንዳይሳሳቱ መሆኑ ነው።

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ጋሼ ይንኩት፣ ይከፈታል» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ሰው ፊት ነው ግን፣ ወጣቶቹ አብረዋቸው ነበሩ፣ ደግሞ... አላልኩም። ምናልባት ካርቶኑን ወደውት ይሆናል። ወይ ደግሞ እንደገና ነክተው ዝም ቢላቸው...

ዛሬ ማታም ሺፍት ናቸው። ስቀዳ ስቀዳ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ቡና ይዤ ልሂድ ይሆን? ጨው ያለበት። ሄጄ ግን ምን እላለሁ...