ፓዱ እያፈሰ ልጅቷን አንውቀስ

ክቡራን ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቼ፤ እንኳን ለዓመቱ መዝጊያ ኮንሰርት በሰላም መጣችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የባስ ክላርኔት አጨዋወትና አያያዝ» የሚል ነው። ስለ አጨዋወቱ ባጭሩ እናገራለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ግን የአያያዙ ጉዳይ ነው።

መሣሪያውን ለማታውቁት፣ ይህ አጠገቤ የቆመው ረጅሙ፣ አንገቱና የታችኛው አፉ ብረት የሆነው ነው። ከተለመደው ክላርኔት አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም አንድ ሙሉ የድምፅ እርከን (ከ«ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ») ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1838 አሻሽሎ ለዛሬው መልኩ መሠረት የጣለለት አዶልፍ ሳክስ ነው፤ ሳክስፎንን የሠራው ያው ሰው። በጃዝ ውስጥ ብቻውን ወጥቶ እንዲናገር ካደረጉት ዋነኛው ደግሞ ኤሪክ ዶልፊ ነው።

ክላርኔት የሚችል ልጅ ጣቱ አይቸገርም፤ አቀማመጡ ከሞላ ጎደል ያው ነው። የሚለወጠው አፍና ትንፋሽ ነው። ከንፈር ይላላል፣ ጉሮሮ ይከፈታል፣ አየሩም ብዙና ያልተቻኮለ ይሆናል። ትንሹን ክላርኔት በለመዱበት ጥብቅ ከንፈር ከያዙት ይንጫጫል። ስለዚህ ጀማሪዎቼን በረጅም ዝቅተኛ ድምፅ ላይ አቆያቸዋለሁ፤ ድምፁ እስኪረጋ ድረስ ዜማ የለም።

አሁን አንዲት ልጅ ላንሣ። እኔ ዘንድ የመጣችው ከሌላ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ «የሴት ትንፋሽ ለባስ ክላርኔት አይበቃም» ተብላ ወደ ትንሹ ክላርኔት ተመልሳለች። እሷ ግን አልተቀበለችም። በእርዳታ መጥቶ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠውን መሣሪያ ለምና፣ ፈርማ አስወጣችና ከአባቷ ጋር ተሸክማው መጣች። ንፊ አልኳት። መካከለኛው ድምፅ ጥሩ ነው፤ ወደ ታች ስትወርድ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ጭራሽ ይጠፋል። ልጅቷ ፊቷ እስኪቀላ ትነፋለች።

መጫወቷን አስቆምኩና በሽቦ ያሰርኳትን ትንሽ አምፖል ቱቦው ውስጥ አወረድኩ። ክፍሉን አጨለምን። ከላይኛው አካል ላይ፣ ተዘግተዋል በተባሉ ፓዶች፣ ማለትም ቀዳዳዎቹን በሚደፍኑት ልስልስ ክዳኖች ሥር ብርሃን ይወጣል! ከላይ ያለ አንድ ፓድ በፀጉር ያህል ካፈሰ ከሥሩ ያሉት ድምፆች ሁሉ ይበላሻሉ፤ የዓለም ታላቅ ተጫዋች ቢነፋውም ያው ነው። አንዱን ፓድ የሆነ ሰው በማስቲሽ ለጥፎታል። በተሰበረ ሞላ ፋንታ ላስቲክ ታስሯል። የላይኛውንና የታችኛውን አካል የሚያገናኘው ድልድይ ተጣሟል፤ ሁለቱን በጉልበት የገጠማቸው ሰው ነው ያጣመመው። ፓዶቹን ቀየርን፣ ሞላውን ተካን፣ ድልድዩን አቃናን። ከዚያ ልጅቷ ነፋች፤ የታችኛው ድምፅ ሞልቶ ወጣ፣ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። አባቷ «ይኼ ሁሉ ድምፅ የት ነበር?» አሉ።

የት እንደነበር ልንገራችሁ። መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ነበር! ያውም የሚጠግነው ሰው ጠፍቶ፣ ጥፋቱ በልጅቷ ሳንባ ላይ ተለጥፎ! ስንቱ ልጅ ነው «ተሰጥዖ የለህም» ተብሎ የተመለሰው፣ አንድ ፓድ ስላፈሰ?

እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ ማርሽ ባንድ ሆነው ነፉ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አለፈ። የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች አፍርተናል፣ አቀናባሪ አፍርተናል። ጠጋኝ ማፍራትን ግን እንደ ሙያ አልያዝነውም። መሣሪያ ሲመጣ ርክክብ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ጭብጨባ አለ። ለፓድ፣ ለሞላ፣ ሲነፋ ለሚርገበገበው የሸምበቆ ምላስ ለሪድ የሚሆን በጀት ስትጠይቁ ዝምታ ነው። መሣሪያ የሚሰጡንን አመሰግናለሁ፤ ጠጋኝ ሳያሠለጥን መሣሪያ የሚቀበል አስተዳደር ግን ልጆቻችንን ይበድላል። ይህን ፊት ለፊት እናገራለሁ።

ተማሪዎች፣ የእናንተን ድርሻ ታውቁታላችሁ። ከመግጠማችሁ በፊት የላይኛውን ቁልፍ ተጭናችሁ ድልድዩን አንሡት። ቡሹን ቅባት ቀቡት። ስትጨርሱ ከአንገቱ ውኃውን አፍስሱ፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ሪዱን አፍ ውስጥ በሚገባው ጫፍ፣ በማውዝፒሱ ላይ አትተዉት። ግድግዳ ላይ አታስደግፉት። የእንጨት የሆነውን በበጋ ከፀሐይና ከደረቅ አየር ጠብቁት፤ ይሰነጠቃል። እንጨቱ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ የሚወጣ ጥቁር የአፍሪካ እንጨት ነው፤ ባሕር ተሻግሮ፣ መሣሪያ ሆኖ፣ በውድ ዋጋ ነው የሚመለስልን።

ለአስተዳደሩ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ክረምቱ ሳይገባ የመጋዘኑ ቁልፍ ይሰጠን። ያለውን ሁሉ አውጥተን በአምፖል እንመርምር። ከወላጆችም መካከል ሰዓት ወይም የስፌት መኪና የሚጠግን ካለ፣ ካቻቢቴውን ይዞ ይምጣ። እጁ ትንሽ ብሎንና ሞላ ከለመደ፣ የቀረውን እኔ አሳየዋለሁ። ከኮንሰርቱ በኋላ በሩ አጠገብ እቆማለሁ፤ ስማችሁን አስመዝግቡኝ።

አመሰግናለሁ። ተማሪዎች፣ ወደ መድረክ።