ኔቫዳ ብሎ የጠራ እንግዳ ነው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ትራክ ሥራ ትንሽ አጫውተን» ሲሉኝ ስለ ናፍጣ ዋጋ ላወራ ነበር። እሱን ተዉት፣ በየቀኑ የምናለቅስበት ነው። ዛሬ ስለ ቦታ ስም ላጫውታችሁ።

ኔቫዳ ግዛት፣ ላስ ቬጋስ በገባሁ ሰሞን ጭነት የምትመድብልኝ ዲስፓቸሯ ደውላ የት እንዳለሁ ጠየቀችኝ። «ኔቫዳ ነኝ» አልኳት። «የት?» አለች። ያልተሰማት መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። እሷ ለካ ሰምታኛለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ «እኛ እንደዚያ አንልም» ብላ አረመችኝ። እነሱ የሚሉት ፊደላችን የሌለው ድምፅ ነው። «ቨ» ስትሉት ይጠባል፣ «ቫ» ስትሉት ይሰፋል። አፍን ወደ ጎን ለጠጥ ማድረግ ነው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው።

እኔም በአነጋገሬ አፍሬ ስንት ጊዜ መስታወት ፊት ተለማመድኩት መሰላችሁ! ኋላ ነው የገባኝ። ቃሉ ስፓኒሽ ነው፤ በረዶ የለበሰ ማለት ነው። ባለቤቶቹም «ዳ» ላይ እንደሚያደርጉት ሁሉ መሀሉንም ሰፋ አድርገው ነው የሚጠሩት። ለስፓኒሹ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ! ግን ማን ይሰማል? ሚዙሪና አይዋ ብትሄዱ ደግሞ ይኸው ስም ያላቸው ትንንሽ ከተሞች አሉ። እዚያ «ነቬይዳ» ነው። የቬጋሱን ይዛችሁ ከሄዳችሁ አሁንም እንግዳ ናችሁ።

ቴክሳስ ስትገቡ ደግሞ ጣጣው «ጄ» የምትባለው ፊደል ናት። በስፓኒሽ ወደኛ «ኸ» ትጠጋለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለችውን ከተማ «ሳን ሀሲንቶ» ይሏታል። ቴክሳሶች ግን በ1836 ሜክሲኮን ድል የነሱበትን ቦታ «ሳን ጀሲንቶ» ነው የሚሉት። አጻጻፉ አንድ ነው። ካሊፎርኒያም ብትሆን ሁሌ ስፓኒሽ አትሆንም፤ ቫሌሆ ላይ «ሆ»ን ጠብቀው «ሌ»ን በእንግሊዝኛ ያነቡታል። በስፓኒሽ ቢሆን «ባዬኾ» በተባለ ነበር። ግማሽ ግማሽ፣ እንደኛ ልጆች አማርኛ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ኮሎራዶ ያለችው ሳሊዳ ናት። ትርጉሟ «መውጫ» ነው። ነዋሪዎቿ «ሰላይዳ» ይሏታል። አንዴ ጂፒኤሱ በስፓኒሽ ወግ፣ እኔ በአማርኛ፣ የነዳጅ ማደያው ልጅ በሰፈሩ አነጋገር ስንጠራት ሦስታችንም ሳንግባባ ቀረን። ከተማዋ ግን እዚያው ፊት ለፊታችን ነበረች።

ሎስ አንጀለሶች ነገሩን እስከ ከተማ አስተዳደር አድርሰውታል። ጋዜጣቸው ሎስ አንጀለስ ታይምስ ስማችን በስፓኒሽ ወግ ይጠራ ብሎ አጠራሩን ለዓመታት ያትም ነበር። በ1952 ከንቲባው ባውረን ይህንኑ የሚወስን ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ዛሬ ሁላችንም የምንለውን፣ በ«ጀ» የሚጠራውን መረጠ። ከዓመታት በኋላ ከንቲባ የሆኑት ሳም ዮርቲ ግን በ«ገ» ነበር የሚጠሩት። ከንቲባውን ማን ያርማቸዋል?

ለነገሩ እኛስ? አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አለን። ጣልያን ሲወረን ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት፤ ስሙ የዚያ ውለታ ነው። እነሱም በዋና ከተማቸው በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ሜክሲኮን ጥንት የአገሩ ሰዎች በ«ሽ» ነበር የሚጠሩት። ስፓኒሾቹም ያኔ «ሽ» ተብላ በምትነበበው «ኤክስ» ጻፉት፣ ከዚያ ቋንቋቸው ሲለወጥ «ሜኺኮ» ሆነ። «ክሲ» ያለችው የኛዋ ከሌላ አውሮፓዊ አፍ የመጣች ናት።

ባለፈው መጋዘን በር ላይ ተራ ስጠብቅ ይህንን ለአንድ ሜክሲኳዊ ሹፌር ነገርኩት። ደስ አለውና «እንዴት ነው የምትጠሩት?» አለኝ። ከትራኩ ወረድኩ። በሩን ይዤ፣ እንደ ወያላ አንገቴን ሰገግ አድርጌ፣ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ! ሁለት ሰው የቀረው!» ብዬ ጮህኩለት።

ሳቀና «በሜኺኮ ካልጠራኸኝ አልሳፈርም» አለኝ።